ከቆብ ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር

ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን ነቅሎ መጣል ዕድሜ የጠገበ ሕክምና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብጽ የሕክምና ጥቅል፣ ኤበርስ ፓፒረስ፣ ፀጉሩ ከተነቀለ በኋላ ዳግም እንዳይበቅል የሚቀባ መድኃኒት ያዛል፤ ከቅመሞቹ አንዱ የሌሊት ወፍ ደም ነው። መድኃኒቱ እንደማያድን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ነቀላው ግን ያሳርፋል፣ ለጥቂት ሳምንት። ለዚህም ነው ዐባይ በሚያጠጣው አገር ብቻ ሳይሆን ዐባይ በሚነሣበትም አገር ሳይረሳ የኖረው።

በጣና ዙሪያ፣ በጎጃምም በጎንደርም ገጠር፣ ወረንጦ የቤት ዕቃ ነው። ዋና ሥራው እሾህ ማውጣት ነው፤ በክር ታስሮ ከጆሮ ኩክ ማውጫው ጋር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እናቶች ግን ለሌላም ያውሉታል። ደጅ ወጥተው ፀሐይ ወዳለበት ዞረው ይቀመጣሉ፤ ልጅ ወይም ጎረቤት የዐይን ቆባቸውን ወደ ላይ ገለጥ አድርጎ የሚወጋቸውን ፀጉር እየፈለገ አንድ በአንድ ይነቅላል። አንጥረኛ የሠራው ወረንጦ ጫፉ በደንብ ካልገጠመ ፀጉሩን ከሥሩ አያወጣውም፤ መሐል ላይ ይበጥሰዋል። የቀረው ጉቶ አጭርና ደረቅ ስለሆነ ከሙሉው ፀጉር ይብስ ይወጋል።

የችግሩ ሥር ትራኮማ ነው፣ የዐይን ማዝ የሚባለው። በባክቴሪያ ይመጣል፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይዛመታል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መመላለሱ ነው። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ዓመት በጨመረ ቁጥር እየተኮማተረ በቆቡ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ሰሌዳ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ሽፋሽፍቱ የበቀለበትን ቦታ አልለቀቀም፤ የዞረው የተተከለበት ጠርዝ ነው። ሰው በየደቂቃው ከ10 ጊዜ በላይ ዐይኑን ያርገበግባል፤ በረገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያን ይፍቃል። ኮርኒያ የዐይን የፊት መስኮት ነው፤ የነርቭ ጫፎቹ ክምችት ከቆዳ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ቁስሉ ጠባሳ ሲሆን መስኮቱ ይነጣል፤ የነጣው መስኮት ደግሞ በጠብታ አይጠራም። ሕፃናትን ሲያቅፉና ሲያጥቡ የሚውሉት ሴቶች በመሆናቸው በዚህ ሕመም የሚጠቁት ከወንዶች እጅግ ይበዛሉ።

(ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ሐኪሞች በዚያው ስስ የዐይን ገጽ ላይ፣ እይታን ለማቃናት፣ ሆን ብለው ባዕድ ነገር ማስቀመጥ ጀመሩ። በ1888 ዙሪክ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም አዶልፍ ፊክ ከብርጭቆ የተሠራ ሌንስ መጀመሪያ በጥንቸል፣ ቀጥሎ በራሱ፣ ከዚያም በሕመምተኞች ዐይን ላይ ሞከረ። አንድ ነገር ቀድሞ ገብቶታል፦ ኮርኒያ ንክኪ አይወድም፤ ነጩ የዐይን ክፍል ግን ይችላል። ስለዚህ ሌንሱን ሰፊ አድርጎ ጠርዙን ነጩ ላይ አሳረፈው፤ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል የቀረውን ክፍተት በወይን ስኳር ውሃ ሞላው። ያም ሆኖ ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚቋቋመው አልተገኘም። በዓመቱ በጀርመን የኪል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አውጉስት ሙለር፣ እሱ ራሱ ሩቅ ማየት የተሳነው ሰው፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የራሱን ሌንስ አሠራ። በኮኬይን ጠብታ ዐይኑን አደንዝዞ እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቻለውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን 60 ዓመት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ብርጭቆው በፕላስቲክ ተተካ፤ በ1948 አሜሪካዊው ኬቪን ቱሂ ነጩን ጭራሽ ትቶ ኮርኒያውን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ሌንስ ሠራ። እይታው ጥሩ ነበር። ምቾቱ ግን በለመደው ሰው ትዕግሥት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ቆቡ በወረደ ቁጥር ከደረቅ ፕላስቲክ ጠርዝ ጋር ይጋጫልና።

1950ዎቹ ሁለት ነገር አመጡ፣ አንዱ ቤጂንግ ላይ፣ ሌላው ፕራግ ላይ። ቤጂንግ ውስጥ ታንግ ፌይፋን የተባለው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ በአሥርቱ አጋማሽ የትራኮማን ተሕዋስ በዕንቁላል አስኳል ውስጥ ማሳደግ ቻለ፤ ተሕዋሱ እርግጥ ያ መሆኑን ለማሳየትም በገዛ ዐይኑ ጨመረው፣ ታመመም። የፕራጉ ሰው ኦቶ ቪክተርሌ ኬሚስት ነበር። በ1952 ባቡር ውስጥ ከጤና ሚኒስቴር ባልደረባ ጋር ጎን ለጎን ሲጓዝ፣ ለዐይን ስለሚተከል ብረት የሚያወራ ጽሑፍ በሰውየው እጅ አየና ጨዋታ ጀመረ፦ ለሰው ገላ የሚስማማው ብረት ሳይሆን ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው ብሎ። እሱና ድራሆስላቭ ሊም የሠሩት ቁስ ሲርስ ከክብደቱ 38 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በ1960 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡት።

ቁሱ ተገኘ፤ ሌንሱ ግን እንቢ አለ። በሁለት ሻጋታ መካከል የተጋገረው ሌንስ ሲላቀቅ ጠርዙ ይቀደዳል። መሐሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ የተቀደደ ጠርዝ ያለው ሌንስ ቆቡን ይጠርበዋል። ለእኔ የዚህ ታሪክ እንብርት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሌንሱ ለስላሳ በመሆኑ ብቻ የሚመች ይመስለዋል፤ ቪክተርሌን የፈተነው ግን ልስላሴው አልነበረም፤ በዙሪያው ያለችው ከሚሊ ሜትር ያነሰች ጠርዝ ነበረች። በ1961 የገና ሰሞን ቤቱ ውስጥ ከልጆች የብረት መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ አንድ የሚሽከረከር መሣሪያ ገጣጠመ። ፈሳሹን በክፍት ሻጋታ ውስጥ አድርጎ ሲያሽከረክረው ፈሳሹ ራሱ ወደ ዳር እየወጣ ስስና ልሙጥ ጠርዝ ይዞ ረጋ። የመጀመሪያዎቹን ሌንሶች በራሱ ዐይን ሞከራቸው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ሌንስ ሠሩ።

በዚያው ሰሞን በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳርም በጥድፊያ ላይ ነበረች። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ፣ በ1964 የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከፈቱ፤ የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የዚያው አሥርት ልጅ ነው። የሐይቁ ዳር መንደር ከተማ ሆነች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ግን ዐይን የሚያክመው ያው ወረንጦ ነበር።

የቪክተርሌ ሌንስ በ1971 በአሜሪካ የሽያጭ ፈቃድ አግኝቶ በባውሽ ኤንድ ሎምብ ስም ገበያ ወጣ። ለስላሳ ሌንስ ከጠንካራው የሚለይበት አንዱ ነገር ስፋቱ ነው፤ ኮርኒያው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ሌንሱ ወደ 14 ይጠጋል፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ ፊክ ሌንስ ነጩ ላይ ያርፋል። የውስጥ ጉብጠቱ ብዙ ጊዜ በ8.3 እና በ9 ሚሊ ሜትር መካከል በሆነ ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ግን ብቻውን አያስተማምንም። ጉብጠታቸው አንድ ሆኖ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ሌንሶች ጥልቀታቸው ይለያያል፤ ሰፊው ይጠልቃል፣ ዐይንንም ያጠብቃል። የጠበቀ ሌንስ ተንኮለኛ ነው። ስለማይንቀሳቀስ መጀመሪያ ይመቻል፤ እንባ ከሥሩ ማለፍ ሲያቅተው ነው ማታ ላይ ዐይኑ የሚቀላውና በነጩ ላይ የሌንሱ ክብ አሻራ የሚቀረው። የላላው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠቁጣል፤ በረገበገቡ ቁጥር እየተንሸራተተ ጠርዙን ከቆቡ ጋር ያጋጫል። ባለሙያው ታችኛውን ቆብ በጣቱ ተጭኖ ሌንሱን ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፤ በቀላሉ ሄዶ ያለ ችግር ከተመለሰ ልኩ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሌንስ ሐኪሞችና የትራኮማ ሐኪሞች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ተገናኙ። በ1977 ማቲያ አለንስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሌንስ አዘውታሪዎች የላይኛው ቆባቸው ሲገለበጥ ውስጡ ላይ ትልልቅ እብጠት እንደሚታይ ጻፈች። ምክንያቱ ሌንሱ ላይ የሚረጋው ቆሻሻና የጠርዙ ፍትጊያ ነው። ትራኮማ የሚፈለገውም በዚያው በተገለበጠ ቆብ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ያወጣው ቀላል መለያ ባለሙያው ቆቡን ገልብጦ በማጉያ መነጽር ጥቃቅን ነጫጭ እብጠቶችን እንዲቆጥር ያዛል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ልጁ ታሟል። በከተማ ክሊኒክ ሌንስ ለሚያምራት ወጣት የሚደረገው ምርመራና በጎጃም ትምህርት ቤት አጥር ሥር ለልጆች የሚደረገው በእጅ እንቅስቃሴው አይለይም። በወጪው ግን አይገናኙም፦ ለአንዱ ጠርዝ ኩባንያዎች ሚሊዮኖች አፈሰሱ፣ ለሌላው ጠርዝ ሐር ክርና ምላጭ የሚገዛ ጠፋ።

ያ የተቀየረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1996 የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን የሚያጠፋ ጥምረት አቋቋመ፤ መንገዱ አራት ነበር፦ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ማሻሻል። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በነጻ መለገስ ጀመረ። በአማራ ክልል የካርተር ማዕከል ከላየንስ ክለቦች ጋር ሥራውን በ2001 ተያያዘው። በ2006 በመላ አገሪቱ በተደረገው የዐይነ ሥውርነት ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች 62.6 በመቶው በነቃ ትራኮማ የተያዙ ሆነው ተገኙ፤ ፀጉራቸው የተቀለበሰባቸው አዋቂዎች 5.2 በመቶ ነበሩ። ከመቶ አምስት ጎልማሳ ማለት በአንድ ሰፊ የሰንበቴ ማኅበር ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ዐይኑን በእጁ ከልሎ ይቀመጣል ማለት ነው።

የሌንስ ዓለም በዚያው ጊዜ ሌላ ትምህርት እየተማረ ነበር። ውሃ የያዘው ለስላሳ ሌንስ ኦክስጅን በደንብ አያሳልፍም፤ ኮርኒያ ደግሞ የደም ሥር ስለሌለው የሚተነፍሰው ከአየር ነው። በ1999 ገበያ የወጡት የሲሊኮን ሃይድሮጄል ሌንሶች የኦክስጅኑን ችግር ፈቱት። አዳዲሶቹ ግን ከቀድሞዎቹ ይጠነክሩ ስለነበር የአንዳንዱን ሰው ቆብ እንደገና አስቆጡት፤ በላይኛው ቆብ ሥር ኮርኒያውን በቅስት የሚጭሩም ነበሩ። ኩባንያዎቹ ተመልሰው ቁሱን አለሰለሱ፣ ጠርዙንም አሳሱ። በ2002 ዶናልድ ኮርብና ባልደረቦቹ የምቾት ማጣቱን መገኛ ይበልጥ አጥብበው አሳዩት፦ በላይኛው ቆብ ጠርዝ ውስጠኛ ክፍል ላይ በረገበገብን ቁጥር ዐይኑን የሚጠርግ ቀጭን ሰቅ አለ፤ ሌንስ ከማይመቻቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጉዳታቸው እዚያ ሰቅ ላይ ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ከ2008 ጀምሮ ማልትራ የተባለው የዘመቻ ሳምንት ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ይዞ አዚትሮማይሲንን በየቀበሌው ያድል ጀመር። ኪኒኑ ግን የሚደርሰው ለኢንፌክሽኑ ነው፤ የዞረን ጠርዝ አይመልስም። እሱን የሚመልሰው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው። የቀዶ ሕክምናው አዳራሽ የጤና ጣቢያ ክፍል ነው፤ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ክፍል ይሆናል። «እማማ፣ አሁን መርፌው ትንሽ ያማል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማዎትም» ይላል ባለሙያው። ማደንዘዣው ከሠራ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጠኛው ገጽ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል። ሁለተኛው ቆቡን በብረት ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ከውስጥ በኩል ብቻ፣ ጠንካራውን ሰሌዳ ቆርጦ ቆዳውን ይተወዋል። በሁለቱም መንገድ ምላጩ የሚያርፈው ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ ቀጥሎ የታችኛው ቁራጭ ወደ ውጭ ተገልብጦ በስፌት ይያዛል፤ ፀጉሩ ከኮርኒያው ላይ ይነሣል። ስፌቱ ትንሽ ከጠበቀ ቆቡ ይጎብጣል ወይም በደንብ አይዘጋም፤ ከላላ ጠርዙ ወደ ቦታው ተመልሶ ፀጉሩ እንደገና ይወጋል።

እንደገና መውጋቱ ነበር ትልቁ ራስ ምታት። በ2008 ሳውል ራጃክ፣ እስማኤል ሀብታሙ፣ ማቲው በርተንና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ጀመሩ፤ እያንዳንዳቸው 1,300 ሰው ይዘው። አንዱ የሐር ክርን በገላ ውስጥ ሟሙቶ ከሚጠፋ ክር ጋር አነጻጸረ፤ ሕመሙ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሌላው የቆየውን ወረንጦ በምርመራ ፊት አቀረበው። የሚወጋቸው ፀጉር ከስድስት ላነሰ ሰዎች ለግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገ፤ ለቀሩት ጫፉ በትክክል የሚገጥም ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ አነቃቀሉን ትምህርት አገኙ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የከፋባቸው ከነቃዮቹ 13.2 በመቶ፣ ከተቀደዱት 2.2 በመቶ ነበሩ። በእይታና በኮርኒያ ጠባሳ ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። እናቶች ደጅ ላይ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ከንቱ አልነበረም ማለት ነው፤ የጎደላቸው ጫፉ የሚገጥም ወረንጦ ነበር።

በ2014 እስማኤል ሀብታሙ የመራው ጥናት የመቁረጫውን መንገድ ራሱን ፈተነ። ከየካቲት እስከ ግንቦት መጨረሻ 1,000 ሰው ተቀደደ፤ በየትኛው መንገድ እንደሚቀደድ የወሰነው ዕጣ ነው። በዓመቱ 98 በመቶው ተገኝተው ታዩ፤ ገጠርን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ጀብዱ ነው። ከውስጥ ብቻ በተቆረጠው ቆብ ሕመሙ የተመለሰባቸው 13 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው 22 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ በ2016 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ። ያው ቡድን ቀጥሎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ሌላ 1,000 ሰው ላይ ሞከረ፤ መድኃኒቱን የወሰዱትም አስመሳይ ኪኒን የወሰዱትም ዘንድ ሕመሙ የተመለሰው እኩል 12 በመቶ ነው። ኦቶ ቪክተርሌ ቢሰማው አይደነቅም ነበር፤ በቅርጽ የመጣን ችግር የሚፈታው ቅርጽ ነው። እስማኤል ሀብታሙ ከአጋሮቹ ጋር ያቋቋመው እዩ-ኢትዮጵያ የተባለው የዐይን ጤና ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫው ባሕር ዳር ነው።

በ2015 መንግሥት በአገሪቱ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውን ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለመድረስ ልዩ ዘመቻ አወጀ፤ ከዚያ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ ትልቅ ነበር። ከ2020 ጀምሮ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህም በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ሥራውን አስተጓጎለው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያላት ሴት መንገድ እስኪከፈት ያው ወረንጦዋን ይዛ ትጠብቃለች።

የሌንሱና የፀጉሩ ታሪክ ተገናኝቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብበትም ጊዜ አለ። ለስላሳ ሌንስ እንደ ፋሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ቀዶ ሕክምና እስኪደረግ ድረስ ሐኪሙ ኮርኒያውን ከሚወጋው ፀጉር ለመከለል ሊያስቀምጠው ይችላል። በሆስፒታል ያስኬዳል፤ ንጹሕ ውሃና የቅርብ ክትትል በሌለበት ቀበሌ ግን የሌንስ ሥር ኢንፌክሽን ከፀጉሩ የከፋ ሊሆን ስለሚችል አይመከርም። ለከተማውም ሰው ቢሆን የውሃው ነገር ቀልድ አይደለም። ሌንስ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ሌንስ አድርጎም ጣና ውስጥ አይዋኝም፤ አካንታሚባ የተባለው በውሃ ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ሌንሱ ሥር ከገባ ኮርኒያን ያበላሻል፣ ማከሙም ወራት ይፈጃል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከጣና በስተ ሰሜን ያለው አገር መነጽርና ሌንስ በሙያ የሚለኩ ወጣቶችን ያወጣል። በዚህ አገር ሌንስ ለመለካት የሚቀመጥ ሰው ከፈረንጁ መማሪያ መጽሐፍ ውጪ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ በልጅነትዎ ዐይንዎን ይታመሙ ነበር? የቆቡ ውስጥ ጠባሳ የያዘበት ሰው እንባው ያንሰዋል፤ ቆቡም ሌንሱን እኩል አይጠርገውም። የኮርኒያ ንቅለ ተከላም ቢሆን፣ የኢትዮጵያ የዐይን ባንክ በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ የሚሠራው፣ ፀጉሩ እየወጋ ባለበት ዐይን ላይ ቢደረግ አዲሱ ኮርኒያ እንደ አሮጌው ይቆስላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቆቡን ያቃናሉ፤ ጠርዙ ወደ ውጭ መዞሩን በወራት ክትትል ካረጋገጡ በኋላ ነው ሌንሱንም ሆነ ንቅለ ተከላውን የሚያስቡት።